የማን ልጅ ስትጠፋ ነው ፖሊስ የሚሮጠው?

የ16 ዓመቷ ልጄ በዚህ ክረምት አዲስ አመል አምጥታለች። ጓደኞቿ ሁሉ ስለ ተከታታይ ነፍሰ ገዳዮች የተሠሩ ፊልሞችን ያያሉ አሉ፤ እሷም የጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ማታ ማታ ታያለች። መጀመሪያ ልከለክላት አስቤ ነበር። ኋላ ግን የራሴ የልጅነት ጥፋት ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

«እሺ፣ ግን አብረን ነው የምናየው። የምመርጠውም እኔ ነኝ፤ የድሮዎቹን» አልኳት።

«የድሮ ማለት ጥቁርና ነጭ?» ፊቷን አጨማደደች።

አብዛኞቹ ከ1990ዎቹ፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ መሆናቸውን ስነግራት ትንሽ ቀለል አላት። ጥቁርና ነጩን ለመጨረሻ ደበቅኩት። አምስት ቅዳሜ ማታ፣ ፈንዲሻና ሻይ ይዘን፣ አምስት ፊልም አየን። ባለቤቴ ሁለተኛው ላይ «እናንተ ጤነኞች አይደላችሁም» ብሎ ተኝቷል።

የልጅነት ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? ያደግኩት ገሱባ ነው። ለማታውቋት፣ ገሱባ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ ያለች የኦፋ ወረዳ ከተማ ናት። በእኔ ጊዜ ትልቁ መዝናኛ የገበያ ቀንና ቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ማለት መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ ጭቃ ቤት፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና ውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር ነው። ጨዋ ሴት ልጅ አትገባበትም። ታላቅ ወንድሜ ኮቱን አልብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኔ ደፍቶልኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስገብቶኛል። እናቴ ይህን የምታውቀው ዛሬ ይህን አምድ አንብበው ከነገሯት ነው።

ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ተርጓሚ ነበረን። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሱ በወላይትኛ ይነግረናል። ያልገባውን ይፈጥራል። ካራቴ ሲሆን ችግር የለውም፤ ወሬ የበዛበት ፊልም ሲመጣ ግን ግማሹ የእሱ ድርሰት ነበር። «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ»ን ያየሁት በእሱ አፍ ነው። ፖሊስ ለመሆን የምትሠለጥነው ወጣት፣ ክላሪስ ስታርሊንግ፣ እስር ቤት ያለውን ሰው በላ ሐኪም ልታናግር ስትገባ ተርጓሚያችን «ይቺ ልጅ እንደኛ ከገጠር የመጣች ናት፤ እሱም አውቆባታል» አለ። ቤቱ በሙሉ ወደፊት ተጠጋ። እኔ ለዓመታት ይህቺን ነገር እኛን ለማስደሰት የፈጠራት ይመስለኝ ነበር።

አልፈጠራትም። እንግሊዝኛ ችዬ ደግሜ ሳየው ነገሩ ቃል በቃል እዚያው ተቀምጧል። ሐኪሙ ሌክተር ልጅቷን ከላይ እስከታች ያያትና ጥሩ ቦርሳዋንና ርካሽ ጫማዋን ይለያል። ልትደብቀው የምትታገለውን የዌስት ቨርጂኒያ አነጋገሯንም ነቅሶ ያወጣዋል። ዌስት ቨርጂኒያ ማለት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ያለበት፣ ሌላው አሜሪካዊ የሚቀልድበት ተራራማ አገር ነው። ሰውየው እስካሁን በእጁ አልነካትም። ግን ያንን ሲናገር የጆዲ ፎስተርን ፊት ተመልከቱ። ፊልሙ ውስጥ ከሚፈሰው ደም ሁሉ እኔን ያመመኝ ያ ነው።

ምክንያቱም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ያ ፊት የእኔ ነበር። በወላይትኛ ለወንድም ለሴትም «ኔኒ» ነው የሚባለው። አማርኛ ስናገር ታዲያ «አንተ»ና «አንቺ» ይቀያየሩብኛል። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ወንድ መምህራችንን «አንቺ» ብዬ የሆነውን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁትም። ሦስት ወር ያህል አፌን ዘግቼ ከረምኩ። ከዚያ እንደ ስታርሊንግ አነጋገሬን ሞረድኩት። ዛሬ ስልክ ላይ የሚሰማኝ ሰው የት እንዳደግኩ አያውቅም። በዚህ ልኮራ ወይስ ላፍር እስካሁን አልወሰንኩም።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዛት። ፊልሙን አቁማ «እማዬ፣ ቆይ፤ እስካሁን ስንት ሴት ነው የሞተው?» አለች።

ጥያቄዋ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ገዳዩ በርካታ ወጣት ሴቶችን ገድሏል። አስከሬናቸው ከየወንዙ ወጥቷል። ምርመራ አለ፤ ግን ነገሩ በእርጋታ ነው የሚሄደው፣ ተማሪም ይላክበታል። ከዚያ ካትሪን ማርቲን ትጠለፋለች። የሴናተር ልጅ ናት። በዚያች ደቂቃ ሄሊኮፕተር ይነሣል፣ ቴሌቪዥን ይንጫጫል፣ ባለሥልጣን ይሯሯጣል። ሴናተሯ እናት በቴሌቪዥን ቀርባ ገዳዩን ስትለምን የልጇን ስም ደጋግማ ትጠራለች። ስታርሊንግ ያንን እያየች ብልህ እናት ናት ትላለች፤ ስሟን ሲሰማ ዕቃ ሳትሆን ሰው መሆኗ ይታየዋል፣ ሰው ብሎ ካያት መግደሉ ይከብደዋል።

ልጄ «የሌሎቹን እናቶች ማን ቴሌቪዥን ላይ አቀረባቸው?» አለች።

ፊልሙን ላላያችሁ መጨረሻውን ላበላሽባችሁ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ስለሆነ ግን ይቅር ትሉኛላችሁ። ይህ ፊልም ከሌሎቹ የሚሻለው ጥያቄው ራሱ ውስጡ ስላለ ነው። ስታርሊንግ መልሱን የምታገኘው በሴናተሯ ቤት አይደለም። መጀመሪያ የተገደለችው፣ ፍሬድሪካ ቢምል የምትባል የአንዲት ትንሽ ከተማ ልጅ፣ መኝታ ክፍል ገብታ ልብሷንና የስፌት ሥራዋን ስታይ ነው ሰውየው ልብስ ሰፊ መሆኑ የሚበራላት። አለቆቿ በአውሮፕላን የተሳሳተ ቤት ሊከቡ ሲበሩ እሷ ብቻዋን ትክክለኛውን በር ታንኳኳለች። ከዚያ በፊትም አንድ ትዕይንት አለ። በዌስት ቨርጂኒያ አስከሬን ሊመረመር ሲል አለቃዋ ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ለብቻው ሊያወራ እሷን ትቷት ይሄዳል። ክፍሉን የሞሉት ወንድ ፖሊሶች ያፈጡባታል። እሷ በዚያ ባፈረችበት በአገሯ ቅላጼ፣ በትሕትና፣ ስላመጣችኋት እናመሰግናለን፣ አሁን እኛ እንንከባከባታለን ብላ ታስወጣቸዋለች። የደበቀችው አነጋገር እዚያ ቁልፍ ሆነላት። ተርጓሚያችን ያንን ቦታ እንዴት እንደተረጎመው ባስታውስ ብዙ እከፍል ነበር።

ፊልሙ አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ጠራርጎ ወስዷል። የሚነቀፍበትም ነገር አለው። ገዳዩ የሴት ልብስና ቀለም የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ ከሌላው የተለየ ሰው ሁሉ አደገኛ ያስመስላል ብለው አሜሪካ ውስጥ ሰልፍ የወጡበት ነበሩ። ዳይሬክተሩ ጆናታን ዴሚ ቀጥሎ የሠራው ልቦለድ ፊልም «ፊላደልፊያ» ነው፤ በኤድስ ታሞ ከሥራው ስለተባረረ ጠበቃ። የስታርሊንግ የልብ ጓደኛ ሆና በጥቂት ትዕይንት ብቻ የምትታየው ጥቁር ተዋናይት ካሲ ሌመንስ ደግሞ በኋላ ራሷ ዳይሬክተር ሆና «ሃሪየት»ን ሠርታለች። ከካሜራው ፊት ያልሰጧትን ቦታ ከኋላው ወሰደችው።

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1981 በአትላንታ ከተማ ከሃያ በላይ ጥቁር ሕፃናትና ወጣቶች ተገድለዋል። አብዛኞቹ የድሃ ልጆች ነበሩ። ፖሊስ ግድያዎቹን እንደ አንድ ጉዳይ አያይዞ እንዲያይ እናቶቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው መጮኽ ነበረባቸው። በሎስ አንጀለስም አንድ ሰው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ጥቁር ሴቶችን ሲገድል ኖሯል። የነፍሰ ገዳይ ፊልም እንደ ፈንዲሻ በፈላባቸው በ1990ዎቹ ግን ትልቅ የሲኒማ ፊልም ሆኖ የወጣልን የእነዚህ ታሪክ አይደለም። የሚሞቱት ነጭ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ገዳዩ ብልህ ነጭ ወንድ ነው፣ የሚያስለቅሰውም የእነሱ ቤት ነው።

ደግነቱ መርማሪው ተቀይሮ ነበር። ሁለተኛው ቅዳሜ ያየነው የ1995ቱን «ሰቨን» ነው። ሞርጋን ፍሪማን ጡረታ ሊወጣ ሰባት ቀን የቀረው መርማሪ ነው፤ ሌሊት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚያነብ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ከወጣቱ ብራድ ፒት በዕውቀትም በትዕግሥትም የሚበልጥ። በፊልሙ ውስጥ ስለ ቆዳው አንድ ቃል አይነገርም። ገሱባ ይህን ያየን ልጆች ያደነቅነው ያንን ነበር፤ እንደኛ ጥቁር የሆነ ሰው የሁሉ አዋቂ ሆኖ ተቀምጧል። ልጄ ግን «ቤተሰብ የለውም፣ ዘመድ የለውም፤ ከየት እንደመጣ አይታወቅም» አለች። እውነቷን ነው። ጠቢብ አደረጉት እንጂ ቤት አልሰጡትም።

በዚህ ረገድ ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣው «ኪስ ዘ ገርልስ» እንደ ፊልም ከ«ሰቨን» ቢያንስም እኔ እወደዋለሁ። እዚያ ፍሪማን ቤተሰብ አለው። ሰሜን ካሮላይና ሕግ የምትማር የዘመዱ ልጅ ስለጠፋች ነው ከዋሽንግተን የሚነሣው። አንድ ጊዜ እንኳ ጥቁር ልጅ ስትጠፋ ፊልም ተነሣ፣ መኪና ተነሣ፣ ሰው ሮጠ። በግማሹ ላይ የፊልሙ ዓይን አምልጣ ወደወጣችው ወደ አሽሊ ጁድ ዞሮ የተጠፋችውን ልጅ ይረሳታል፤ አጎትየው ግን አይረሳትም። «ዘ ቦን ኮሌክተር» ላይ ዴንዘል ዋሽንግተን አልጋ ላይ የዋለ፣ ጣቱንና ጭንቅላቱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ መርማሪ ነው። አካል ጉዳተኛ ሰው የሚታዘንለት ሳይሆን የሚያዝ ሆኖ ማየት በ1999 ቀላል ነገር አልነበረም። ሌት ተቀን የምትንከባከበውን ነርስ የምትጫወተው ኩዊን ላቲፋ ግን መጨረሻው አካባቢ ትገደላለች። ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ለሐዘኗ የተመደበላት ጊዜ ግን ሻይ ለመቅዳት አይበቃም።

አራተኛውን ቅዳሜ በአማርኛ ፊልም አሳለፍን፤ ከነፍሰ ገዳይ ዕረፍት እንውሰድ ብዬ። የፊልሙን ስም አልጠራም፤ አንድ ብቻም አይደለምና። እኛ አገር የተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ፊልም የሚባል ወግ ብዙም የለንም። ክፉ ሰው ሲያስፈልገን እንደ «ሰው ለሰው»ው አስናቀ ሱፍ የለበሰ ባለሀብት እናመጣለን፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ አገር ምድሩን ቤቱ አስቀምጦ ነበር። ግን በየኮሜዲው አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች። ከደቡብ መምጣቷ ከአነጋገሯ ይታወቃል። «አንተ»ና «አንቺ» ትቀያይራለች። ቤቱ ይስቃል። ሎተሪ አዟሪው ይገባል፣ እንደዚሁ ይናገራል፣ ይሳቅበታል፣ ይወጣል። ኅዳር 29 ሲደርስ ደግሞ ወላይታ በባህል ልብስ ሲጨፍር በቴሌቪዥን ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የእንሰት ጓሮዋን የምትኮተኩተው እናቴ፣ የለም። ልጄ እንደ ቀረው ተመልካች ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት አቆመች። «እንደ አያቴ ነው የምታወራው» አለች።

የመጨረሻው ቅዳሜ የደበቅኩት ጥቁርና ነጭ ነበር፤ «ኤም»፣ 1931፣ ጀርመን። ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ ነው። ልጄ ከሌሎቹ ሁሉ የወደደችው ይህን መሆኑን ስትነግረኝ አላመንኳትም። በበርሊን ሕፃናትን የሚገድል ሰው አለ። ፖሊስ ከተማውን ቢያምስም አያገኘውም። የከተማው ሌቦች በፖሊስ ፍተሻ ሥራቸው ስለተበላሸ ራሳቸው ሊፈልጉት ይነሣሉ፤ ለዚህም ለማኞችን ያደራጃሉ። ለእያንዳንዱ ለማኝ መንገድ ይመደብለታል። ለማኝ የትም ቢቆም ማን ልብ ይለዋል? ገዳዩን የሚለየው በመጨረሻ ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው፤ ሰውየው ያፏጨውን ዜማ በጆሮው ያውቀዋል። አንድ ልጅ ደግሞ መዳፉ ላይ በጠመኔ «ኤም» ጽፎ ትከሻውን መታ ያደርግና ምልክቱን ያትምበታል።

ያንን ሳይ ወላይታ ልጆች ታወሱኝ። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ከየቀበሌው ስንቱ ልጅ ሊስትሮ ዕቃውን ወይም ሎተሪውን ይዞ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይወጣል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። የማን መኪና የት እንደቆመ፣ ማን ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ፣ የትኛዋ ልጅ እያለቀሰች እንዳለፈች ያያል። እኛ ጫማችንን ዘርግተን ስልካችንን እናወራለን፤ እሱ እንደሌለ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው የወንጀል ፊልም ጽፎ መርማሪውን ከእነዚህ አንዱ ቢያደርገው የመጀመሪያውን ትኬት እኔ እገዛለሁ።

ገዳዩን የተጫወተው ፒተር ሎሬ አይሁዳዊ ነበር። ሂትለር ሥልጣን በያዘ በ1933 ከጀርመን ወጣ። በ1940 ናዚዎች አይሁዶችን ለማስጠላት ባሠሩት ፊልም ውስጥ ከ«ኤም» መጨረሻ ገዳዩ እየተንቀጠቀጠ የሚናዘዝበትን ክፍል ቆርጠው አስገቡት፤ የአይሁድ ፊት ይህ ነው ለማለት። ተዋናይ የተጫወተው ሚና በአንድ ሕዝብ ላይ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። ልጄ ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ነበር። እኔም «ፊልም እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ» የሚሉኝን ሰዎች አስቤ ዝም አልኩ።

የዚያን ማታ ሌላ ነገር ነገርኳት። እሷ ገና ሕፃን እያለች አንዲት እናት ከገሱባ በራችን ድረስ መጥታ ነበር፤ ከእናቴ ተልካ። ልጇን ደላላ ሥራ አስገባታለሁ ብሎ አዲስ አበባ ካመጣት በኋላ ስልኳ ጠፍቷል። 15 ዓመቷ ነበር። አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች። አማርኛዋ ትንሽ ስለሆነ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ተረኛው እሷ ማውራት ስትጀምር ፈገግ አለ፤ ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ቀጥሎ «ከወንድ ጋር ሄዳ ይሆናል፣ ትመጣለች» አለን። እኔ በሞረድኩት አማርኛዬ ስናገር ብቻ ነው መዝገብ የተከፈተው። እናትየዋ ውጭ ወጥተን «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ?» አለችኝ በወላይትኛ። መልስ አልነበረኝም።

ልጅቷ ከአራት ወር በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው ቤት፣ ስልኳን ተቀምታና ደሞዝ ሳይከፈላት ስትሠራ ተገኘች። ያገኛት ፖሊስ አልነበረም፤ በዚያ ሰፈር ሎተሪ የሚያዞር የኦፋ ልጅ ነው። በር ላይ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ በወላይትኛ ስታለቅስ ሰምቶ ነው ለአገሩ ሰዎች የደወለው።

ልጄ ታሪኩን አዳምጣ ስትጨርስ «ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

ካትሪን ማርቲንን አስታወስኩ። ፍሬድሪካ ቢምልን አስታወስኩ። የልጅቷን ስም ግን አላስታወስኩትም፤ የፎቶግራፉን ጠርዝ፣ የመሐረቡን ቀለም እንኳ አውቃለሁ፤ ስሟ ጠፋብኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በጊዜ ነው የምትተኛው። ልጄ የእኔን ስልክ አንስታ ገሱባ ደወለች። በተሰባበረ ወላይትኛዋ «ሳሮ» ብላ ከጀመረች በኋላ ቃል ሲያጥራት በአማርኛ ጠየቀቻት። እናቴ ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ ሳታስብ፣ ከነአባቷ ስም ነገረቻት። አሁን ትዳር ይዛ ሁለት ልጅ እንዳላት፣ ሶዶ ገበያ ላይ እንደምትሠራም ጨመረችላት። ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ዞረና «በዚህ ሌሊት ለምን ፈለጋችኋት?» አለችኝ።